መጋላ ያጣችው ጆሮ ነው

መጋላ ማለት በኦሮምኛም በሶማልኛም ከተማ ማለት ነው። በሐረሪዎች አንደበት ደግሞ፣ የሐረሩ ፈረስ መጋላ እንደሚመሰክረው፣ ገበያ ማለት ነው። ስሙን በቃሉ የሚወስድ መንገደኛ ድሬዳዋ ደርሶ «ከተማው ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጣት ሁሉ ወደ ደቻቱ ማዶ ሊቀሰርለት በተገባ ነበር። የአገሪቱ ኪነ ጥበብ ግን ወደዚያ ማዶ የተሻገረው አልፎ አልፎ ነው። ስለ ድሬዳዋ የተዘፈነው፣ የተጻፈውና በመድረክ የታየው በአመዛኙ የከዚራን የዛፍ ጥላ፣ የባቡሩን ፉጨትና በጣቢያው ደጃፍ የተለያዩ ፍቅረኞችን የሚመለከት ነው። መጋላ በዚህ ሁሉ ውስጥ ብቅ የምትለው እንደ ቅመም ናት፤ ጥቂት ሽቶ፣ ጥቂት ሙሸበክ፣ ጥቂት ባለ ቀለም ሽርጥ ጣል ይደረጋል፤ ከዚያም ታሪኩ ወደ ጥላው ይመለሳል።

ይህ አከፋፈል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከተራሮቹ ግርጌ ሲደርስ፣ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣቱ ለኩባንያው እጅግ ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ከሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ኩባንያው ለሹማምንቱ፣ ለመሐንዲሶቹና ለነጋዴዎቹ ቀጥ ያለ መንገድ ቀየሰ፤ ዛፍ ተከለ፤ የጥገና ወርክሾፕ አቆመ። ከደቻቱ ማዶ ግን ሌላ ከተማ በራሱ ጊዜ በቀለ። ግመል ነጂው፣ ተሸካሚው፣ ሱቅ ዘርጊው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ አማራው፣ ጉራጌው ጎጆውን ከጎጆ እያስጠጋ፣ ጠባቡን መንገድ በእግሩ እየቀየሰ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚያስኬድ ሰፈር ሠራ። ጭነቱን ያወረደውና ቡናውን የለቀመው እጅ ማታ የሚያርፈው በዚያ ነበር። የአንዱ ሰፈር ታሪክ በቢሮ መዝገብ ተጻፈ፤ የሌላው በአፍ ቀረ። ደራሲም፣ ተመራማሪም፣ ካድሬም የሚያነበው ደግሞ መዝገብን ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየጉባኤውና በየአውደ ጥናቱ አንድ አባባል ይዘወተራል፤ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሁን» ይባላል። አባባሉ ደግ ይመስላል። የደግነቱ መጠን ግን በቀፊራ ገበያ ቅስቶች ሥር አንድ ማለዳ ቆሞ ይለካ። ከሽኒሌ በኩል የግመል ወተት ይዛ የመጣች ሴት ዋጋዋን በሶማልኛ ትጠራለች፤ በኦሮምኛ ትከራከራለች፤ ሂሳቡን በአማርኛ ትዘጋለች፤ ከጎኗ ያለው ባለ ሱቅ አንድ ሁለት የዐረብኛ ቃል ጣል ሲያደርግባት «አቦ!» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። ይህች ሴት ድምፅ የላትም የሚል ሰው በሦስት ቋንቋ የሚናገርን ሰው በአንዱ ብቻ የሚሰማ ሰው ነው። ታዲያ ጎዶሎው ማን ነው?

አባባሉ የዋህ ቢሆን ኖሮ እንኳ በታለፈ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥቅም አለው። ድምፅ አልባ የተባለ ሰው ተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ተርጓሚው ወኪል ይሆናል፤ ወኪሉ ደራሲ ይሆናል፤ ደራሲው ተሸላሚ ይሆናል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ታሪኩን ያወራችው ሴት ስሟ የሚገኘው፣ ቢገኝ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ «አንዲት የመጋላ ነዋሪ» በሚል ነው። በጭቁኖች ስም የሚጻፍ ሥነ ጽሑፍ ለጭቁኖች ስማቸውን ከነፈጋቸው፣ ከነጋዴው በምን ይለያል? ነጋዴው እንኳ ለቡናው ይከፍላል፤ በአነስተኛ ዋጋም ቢሆን ይከፍላል።

በአገሪቱ የመድረክና የሬዲዮ ቀልድ ውስጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ አንድ ገጸ ባሕርይ አለ። ከምሥራቅ የመጣ ነው፤ ሽርጥ አገልድሟል፤ ወንዱን «መጣች»፣ ሴቲቱን «መጣ» ይላል። ተመልካች ይስቃል። ሳቁ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በራሱ ላይ በመቀለድ የድሬን ሰው የሚያህለው የለም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በቀፊራ አጠገብ ተቀምጦ በሶማልኛ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ያልቻለ የቢሮ ሹም፣ በኦሮምኛ ወንዱንና ሴቲቱን መለየት ያቃተው አስተማሪ፣ በየትኛው ኮሜዲ ተሣቀበት? በሦስተኛ ቋንቋው የተሰናከለው ሰው መሣቂያ ሲሆን፣ ሁለተኛ ቋንቋ እንኳ ያልሞከረው ሰው የሳቁ ባለቤት ይሆናል። ይህ የቀልድ ጉዳይ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሕፃኑ አባቱ በመድረክ ላይ እንዴት እንደሚናገር ካየ በኋላ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ እጁን አንሥቶ ለመናገር ያመነታል፤ አስተማሪዎች ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

ከቀልዱ የማይሻል ሌላም ልማድ አለ፤ እሱም የጭፈራው ነው። በደርግ ዘመን የኪነት ጓዶች የየብሔረሰቡን ዘፈንና ውዝዋዜ ወደ መድረክ አወጡ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ንቀት ለሚያስታውስ ሰው ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች መማሪያ አሳትሞ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል። ሁለቱም ሥራዎች ግን በአንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሰው ማንበብ እንዲችል ተደረገ፤ የሚያነበው የገዛ ራሱን ነገር እንዲሆን ግን እምብዛም አልተደረገም። በመድረክም እግርና ትከሻ ተፈቀደለት፤ አንደበቱ ግን ለዘፈን አዝማች ብቻ ተከፈተ። ዛሬም ኅዳር 29 ቀን በየዓመቱ ሲከበር፣ የሶማሌው ወጣት ይዘላል፣ የኦሮሞዋ ልጃገረድ አንገቷን ትሰብቃለች፣ የመድረክ መሪው ግን የሚናገረው ስለ እነርሱ ነው። ጨፋሪው ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ስለ ውኃ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ተዘጋው ወርክሾፕ ሁለት ደቂቃ እንዲናገር ቢፈቀድለት ምን ይል ነበር? ጥያቄው ያልተጠየቀው መልሱ ስለሚታወቅ ነው።

ዝምታ በተፈጥሮ እንደማይመጣ፣ የሚሠራ ነገር እንደ ሆነ፣ ከድሬዳዋ የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ የለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የከተማይቱ የኦሮሞ ወጣቶች ተሰባስበው አፍራን ቀሎ የተሰኘውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። ስሙ የምሥራቁን ኦሮሞ አራቱን የቀሎ ጎሣዎች ያመለክታል። ወጣቶቹ በሠርግና በበዓል በቋንቋቸው ለመዝፈን ተነሡ እንጂ ማንም ድምፅ እንዲሰጣቸው አልጠበቁም። የዘመኑ አገዛዝ ግን ከዘፈኑ ውስጥ ሌላ ነገር ሰማ። ጓዱ ታገደ፤ አባላቱ ተበተኑ፤ የታሰሩም ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ከጓዱ ጋር የተቀላቀለውና በመጀመሪያ ዘፈኑ ምክንያት ቢራ የሚል ስም የወጣለት አሊ መሐመድ ሙሳ፣ አዲስ አበባ ወጥቶ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ፤ በኋላም በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊ ዘፈነ። ይህ ዝርዝር የአንድ ሰው ልዩ ተሰጥዎ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። የድሬዳዋን ገበያ የሚያውቅ ሰው ግን ዝርዝሩ ከሞላ ጎደል ከዚያው ከገበያው የተቀዳ መሆኑን አይስተውም። አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐርፎ በተወለደባት በድሬዳዋ ተቀበረ፤ አገር አለቀሰለት፤ የሚገባውም ነበር። ይሁንና አንድ ታላቅ ሰው በክብር መሸኘቱ ከእርሱ ጋር አብረው የታገዱትን ለመርሳት ፈቃድ አይሆንም። ከአፍራን ቀሎ አባላት መካከል የአማርኛ አንባቢ ከአሊ ቢራ ሌላ የስንቱን ስም መጥራት ይችላል?

የሼኽ በክሪ ሳጳሎ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይመራል። እኚህ የሐረርጌ ሊቅ፣ የሃይማኖት መምህርና ባለ ቅኔ፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ ለኦሮምኛ የሚስማማ ፊደል በራሳቸው አስተውሎት ቀርጸው ለደቀ መዛሙርቶቻቸው አስተማሩ። ገበሬው በዚያ ፊደል መጻጻፍ ጀመረ። ሹማምንቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ሊቁን ወደ ድሬዳዋ አምጥተው ከከተማይቱ እንዳይወጡ አገዷቸው። ባቡር የሚገባባትና የሚወጣባት፣ የዓለም ሸቀጥ የሚራገፍባት ከተማ ለአንድ ፊደል ቀራጭ እስር ቤት ሆነች። ሼኽ በክሪ ከአገር ተሰድደው በ1972 ዓ.ም. በሶማሊያ በስደተኞች መጠለያ ሞቱ። የፊደላቸውን ጥቅምና ጉድለት መመዘን የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል መጻፉም የታወቀ ነው። ለኪነ ጥበብ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በፊደል ጉዳይ የታሰረ ሊቅ ታሪክ ተውኔት ካልሆነ፣ ተውኔት የሚሆነው ምንድን ነው?

የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ፣ ሄር የሚባለው፣ በ44 ሽማግሌዎች እንደ ተደነገገ በትውፊት ይነገራል። ትውልድ ለትውልድ በቃል ሲያስተላልፈው ኖሮ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ሕጉን በቃላቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቅ አገር ይኖራሉ፤ ወደ ከተማይቱም ይመላለሳሉ። የዓለም ድርጅት ሰምቷቸዋል። ከጎናቸው ሻይ የሚጠጣው የአማርኛ ደራሲ ግን ክርክራቸውን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ወንበሩን ያዞራል።

እዚህ ላይ የተለመደው ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም በየቋንቋው መድረክ ላይ ከወጣ አንድነት ይላላል፣ ተመልካችም አይገኝም ይባላል። የመጀመሪያውን ክርክር መጋላ ራሷ ታፈርሰዋለች፤ አራት ቋንቋ በአንድ ጉሊት ላይ ሲነገር የተበተነ ገበያ የለም፤ ሚዛኑ የተሰረቀ ዕለት ግን ይበተናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ነዋሪ ነበረው፤ ከመቶ 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ያህሉ ሶማሌ፣ 20 ያህሉ አማራ ነበር። ተመልካች አይገኝም የሚለው ሰው እንግዲህ ከመቶ ሰባውን ተመልካች አድርጎ አልቆጠረም ማለት ነው። ይህ ሲባል አማርኛ ለመጋላ ባዕድ ነው ለማለት አይደለም። አማርኛም የመጋላ ቋንቋ ነው፤ የሚጠላው ብቻውን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሽታው መልኩን ለውጧል። ድምፅ በብሔር እየተሰፈረ፣ ወንበር በብሔር እየተደለደለ ሲመጣ፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ተናጋሪ ሹም ተገኘለት። የተናጋሪው ቁጥር ጨመረ፤ የሚሰማው ሰው ግን ያው ቀረ። በቡና መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፍሬ ከፍሬ ስትለይ የምትውለው ሴት በየትኛውም ሚዛን ላይ አልወጣችም፤ ኦሮሞ ብትሆን የኦሮሞው፣ ሶማሌ ብትሆን የሶማሌው፣ አማራ ብትሆን የአማራው ሹም ስለ እርሷ ይናገራል፤ የወገቧን ሕመም ግን አንዳቸውም አያውቁትም። እናቷ ሶማሌ አባቷ ኦሮሞ የሆነች፣ ከልጆቿ ጋር በአማርኛ የምትጣላ ሴትማ (መጋላ እንዲህ ያሉትን እናቶች በብዛት ታውቃለች) በየትኛው ወንበር በኩል ትናገር?

በሌላው የአፍሪካ ክፍል ይህ ጥያቄ ቀደም ብሎ ተነሥቷል። ሴኔጋላዊው ሰምቤን ኡስማን የዳካርና የኒጀር የባቡር ሠራተኞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 እና በ1948 ያደረጉትን የሥራ ማቆም አድማ በልብ ወለድ ሲጽፍ፣ ከአድማው መሪዎች እኩል የገበያ ሴቶችን የታሪኩ ባለቤቶች አደረጋቸው። በፈረንሳይኛ የጻፈውን ግን እነዚያ ሴቶች ሊያነቡት እንደማይችሉ ተረዳ፤ ወደ ፊልም ዞሮ በ1968 «ማንዳቢ» የተሰኘውን ሥራ በዎሎፍ ቋንቋ አቀረበ። ድሬዳዋም በፈረንሳዮች ሐዲድ የቆመች ከተማ ናት፤ የሐዲድ ሠራተኞችና የገበያ ሴቶች አሏት፤ ሰምቤኗን ግን ገና አላበቀለችም። በኬንያም እንዲሁ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በ1977 በካሚሪቱ መንደር በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት ባዘጋጁ ጊዜ፣ ገበሬዎቹና የእርሻ ሠራተኞቹ ጽሑፉን በልምምድ ላይ እያረሙ፣ የማያውቁትን አነጋገር እያስጣሉ አብረው ሠሩት። ተውኔቱ ታገደ፤ ንጉጊ ያለ ፍርድ ታሰረ፤ በ1982 ደግሞ መንደርተኛው በእጁ የሠራው የአየር ላይ ቲያትር ፈረሰ። ንጉጊ ቀድሞም በእንግሊዝኛ ብዙ ጽፎ ነበር፤ ያሳሰረው ግን ገበሬው የሚሰማው ተውኔት ሆነ። መንግሥታት የትኛው ድምፅ እንደሚያስፈራ ከኪነ ጥበብ ሰዎች አስቀድመው ያውቃሉ።

ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገደለ፤ ሺሕዎችን ያለ ቤት አስቀረ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነው ወንዝ በተኙበት መጣባቸው። ስለዚያ ሌሊት የሚነገረው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን የቆጠረው መሥሪያ ቤት ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው የደራሲው ሥራ ነበር። ወንዙ ሲጮህ በመጀመሪያ የሰማው ማን ነው? ለጎረቤቱ በየትኛው ቋንቋ ጮኸለት? ጎረቤቱስ ገባው? ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ናት የሚለው ውዳሴ በዘፈን ሲደጋገም ይሰለቻል፤ በዚያ ሌሊት ማን የማንን ልጅ ተሸክሞ እንደ ወጣ የሚናገር ምስክር ቢቀርብ ግን ውዳሴው ሥጋና ደም ይለብስ ነበር። ምስክሮቹ በሕይወት አሉ፤ በየዓመቱም እየቀነሱ ነው።

ስለዚህ የኪነ ጥበብ ማኅበራት፣ የባህል ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች በመጋላ ስም የሚያወጡት ገንዘብ በሚከተሉት ነገሮች ይፈተን። ተረት፣ ዘፈን ወይም ምስክርነት የቀዳ ሰው የተናጋሪውን ስም፣ ተናጋሪው ካልከለከለ በቀር፣ ከራሱ ስም በላይ ይጻፍ። የተነገረበት ቋንቋ በግራ ገጽ፣ አማርኛው በቀኝ ገጽ ይታተም፤ ወጪው ይበዛል የሚል ካለ፣ ለጉባኤ ባነርና ለእንግዳ ምሳ የሚወጣውን ይቁጠር። የተቀዳው ድምፅ ቅጂ አዲስ አበባ ብቻ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ በድሬዳዋ ማንም ገብቶ በሚያዳምጥበት ቤት ይቀመጥ። ለአስተርጓሚ የሚከፈለው ለተራኪዋም ይከፈል፤ ወተቷን ሳትሸጥ የዋለችበት ቀን ዋጋ አለው። ተውኔት የሚያዘጋጅ ጓድ የመጀመሪያውን ልምምድ ታሪኩ በተወሰደባቸው ሰዎች ፊት ያሳይ፤ «እንዲህ አንናገርም» ካሉ ይስተካከል። በዚህ የሚከፋ ደራሲ ቢኖር መከፋቱ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል።

አንድ ትንሽ ነገርም ይታከልበት። «የኅብረተሰቡን ድምፅ ለማዳመጥ» የሚጠሩ ስብሰባዎች ብዙውን ጊዜ በከዚራ በኩል ባለ አዳራሽ፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ይጀመራሉ። በዚያ ሰዓት ቀፊራ አፉ ሞልቷል፤ ቡና ለቃሚዋ ጎንበስ ብላለች፤ ተሸካሚው ጀርባው ላይ ጭነት አለ። ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሥራ የሌለበት ወይም ለመምጣት የሚከፈለው ሰው ነው፤ ቃለ ጉባኤውም «የመጋላ ነዋሪዎች ተገኝተዋል» ይላል። የቀትሩ ሙቀት አልፎ ጥላ ሲረዝም፣ ከዓሥር ሰዓት በኋላ፣ ሰው ከየበሩ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ስብሰባው በዚያ ሰዓት፣ ከደቻቱ ማዶ ይጠራ፤ ወንበርም አያስፈልግም፤ ምንጣፉ እዚያው አለ።